የሚቸኮልበትና የማይቸኮልበት

የሴት ልጅ የመራቢያ አካል ሲፈጠር የተጓደለውን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል የሚማር ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ መቁረጥና መስፋትን ይለምዳል። ለሬዚደንቶች ደጋግሜ የምነግራቸው ግን ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተሻለው ዕድል ነው። ያልተነካ ሥጋ ይታዘዛል፤ ጠባሳ ግን ይጠብቃል፣ ይጠባል። ይህን በአገራችን ጠንቅቀው ያሳዩን የፊስቱላ ጠጋኞች ናቸው። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ታካሚያቸው የነበሩት ማሚቱ ጋሼም መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ከጎናቸው ቆመው የተዋጣላቸው ቀዶ ጠጋኝ ሆኑ።

ማህፀንና የብልት የላይኛው ክፍል የሚሠሩት ፅንሱ ውስጥ ከሚጋጠሙ ሁለት ቱቦዎች ነው። በደንብ ካልተጋጠሙ ማህፀን ለሁለት ይከፈላል፤ መተላለፊያው ሳይከፈት፣ ወይም ማህፀኑ ጭራሽ ሳይሠራ ሊቀርም ይችላል። የእንቁላል እጢዎች መነሻቸው ሌላ ስለሆነ ጡት በወቅቱ ያጎጠጉጣል፤ ችግሩ ተደብቆ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ኩላሊት ግን ሲፈጠር የእነዚህ ቱቦዎች የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ ሳላየው አላልፍም።

ከጎሮ፣ ከአያት፣ ከኮተቤ ቦሌ ድረስ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ቃላቸው ይመሳሰላል፦ «ዶክተር፣ በየወሩ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ደም ግን አላየችም።» ለጨጓራ፣ አንዳንዴም ለትርፍ አንጀት ታክማለች፤ ሽንት እስከ መከልከል የደረሰችም አለች። ወደ ታች እንድትገፋ ስነግራት ሰማያዊ ሽፋን ካበጠ ያልተከፈተው እሱ ነው፤ ሲከፈት እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ደም ይወርዳል። ካላበጠ ግድግዳው ከፍ ብሎ ስለሚሆን ውፍረቱን በኤም.አር.አይ ሳልለካ አልነካውም። በመርፌ መምጠጥ አይበቃም፦ ቀዳዳው ይደፈንና ኢንፌክሽን ይከተላል። እናትየው ዝቅ ባለ ድምፅ «ድንግልናዋስ?» ስትል ልጅቷ እየሰማች እመልሳለሁ፦ «እናቴ፣ የምከፍተው ለደሟ መውጫ ነው። ክብሯ የትም አይሄድም።» እዚህ ላይ መዘግየት ያስጎዳል።

ብልትና ማህፀን ሳይሠራላት የተወለደች ልጅ ግን ሰዓቷ ሌላ ነው። ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ሴቶች አንዷ እንዲህ ትወለዳለች። ለእሷ ቀዳሚው ሕክምና በማስፊያ ቀስ በቀስ መተላለፊያውን ማስረዘም ነው፤ በትዕግሥት ከተሠራበት ለአብዛኞቹ ያለ ምላጭ ይሳካላቸዋል። አርቺባልድ ማክኢንዶ እ.ኤ.አ. በ1938 ያስተዋወቀው፣ ከገላ በተወሰደ ቆዳ መተላለፊያ የመሥራት ዘዴም ከዚያ በኋላ ወራት ማስፊያ ይፈልጋል። ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከወንድሞቿ ጋር የምታድር ልጅ በር ዘግታ የምትታከምበት ጥግ አላት ወይ? ይህን ሳልጠይቅ የሠራሁት ሥራ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ «ሠርጉ ሳይደርስ ይሠራላት» የሚል ዘመድ ሲመጣ ልጅቷን ብቻዋን አስገብቼ አናግራታለሁ።

ስለ መውለድም እውነቱን ከመጀመሪያው እነግራታለሁ። እንቁላል አላት፤ ማህፀን የላትም። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 በንቅለ ተከላ ከተገኘ ማህፀን ሕፃን ተወልዷል፤ እኔ ግን ዛሬ በእጄ የሌለውን ቃል አልገባላትም።

ጤና ጣቢያ ላሉ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ጡት አጎጥጉጣ 15 ዓመት እስኪሞላት የወር አበባ ያላየችን፣ ወይም በየወሩ ሆዷን የሚቆርጣትን ልጅ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትሸኙ። ደም የታቆረባትን ቶሎ ላኩልን። መተላለፊያ የሚሠራላትን ግን ቀኑን ራሷ እስክትመርጥ ጠብቁልን።