«ተዛማጅ የመረጃ ቋት»፦ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚጠበቅበት ባዕዱን ቃል መተካት ብቻ ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡን ሳያዛባ ማድረስ እንደሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ስያሜ አማርኛነቱ ያማረ፣ ለአንደበትም የቀለለ ሆኖ ሳለ ተማሪውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያሳስተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ አንዱን፣ ማለትም ለሪሌሽናል ዳታቤዝ የተሰጠውን «ተዛማጅ የመረጃ ቋት» የሚለውን ስያሜ መመርመር ነው።

ለምርመራው መነሻ የሆነው ፋብሪካና መጋዘን በበዛበት በአቃቂ ቃሊቲ ለግምጃ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና የተዘጋጀ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ቋቱ «ተዛማጅ» የተባለው በውስጡ ያሉት ሠንጠረዦች እርስ በርሳቸው ስለሚዛመዱ ነው ይላል። ይህን የምጠቅሰው አዘጋጁን ለመውቀስ አይደለም፤ ያው አፈታት በብዙ የእንግሊዝኛ መማሪያዎችም ይገኛልና። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የአስረጂው ስሕተት የሆነው በአማርኛ የስያሜው የራሱ ስሕተት ሆኗል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ሌሎቹ ሁለት ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ቋት» በወፍጮ ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ነው፤ ዱቄት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተደባለቀ የማን እህል እንደ ነበረ አይለይም። ዳታቤዝ በአንጻሩ እያንዳንዱ ነገር ተለይቶ እንዲገኝ የሚቀመጥበት ነው። ሆኖም ቃሉ «የጋራ ቋት» በሚለው አነጋገር ወደ ማናቸውም ማጠራቀሚያ ስለ ሰፋና ተጠቃሚውም ስለ ተቀበለው ቢጸና ይሻላል። በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ላይ ለዳታ የገባው «ውሂብ» ግን የሰዋስው ጥያቄ ያስነሣል። የላቲኑ «ዳቱም» «የተሰጠ» ማለት በመሆኑ ወደ ግእዙ «ወሀበ» መሄድ ጥሩ ሐሳብ ነበረ። ነገር ግን «ውሂብ» ንኡስ አንቀጽ ነው፤ ፍችውም «መስጠት» ነው። «የተሰጠ» የሚባለው «ውሁብ» ነው። ስለዚህ ሥሩን በትክክል ያገኘ ሰው ቅርጹን ስቷል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው «ተዛማጅ» ነው። በአይ ቢ ኤም የሳን ሆዜ ቤተ ምርምር ይሠሩ የነበሩት የሒሳብ ሰው ኤድጋር ኮድ ይህን ሞዴል ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር 1962 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የታተመበት ዓመት መሆኑ ነው። ኮድ «ሪሌሽን» የሚለውን ቃል የወሰዱት ከሒሳብ የስብስብ ትምህርት ሲሆን፣ ትርጓሜውም ከተወሰኑ የእሴት ስብስቦች እየተወጣጡ የተጣመሩ ረድፎች ስብስብ ማለት ነው። በጽሑፋቸው ካቀረቧቸው የሪሌሽን ምሳሌዎች የመጀመሪያው አቅራቢን፣ ዕቃን፣ ፕሮጀክትንና ብዛትን የያዘ አንድ ሠንጠረዥ ነበረ።

ይህ ምሳሌ ለአቃቂው ግምጃ ቤት እንግዳ አይደለም። በሠንጠረዡ ያለ አንድ ረድፍ «ይህ አቅራቢ ይህን ዕቃ ለዚህ ሥራ በዚህ ብዛት ያቀርባል» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሪሌሽን የሚባለው አራቱን በአንድ ረድፍ ያስተሳሰረው፣ ይኸውም ሠንጠረዡ ራሱ ነው እንጂ ሠንጠረዡን ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር የሚያገናኘው መስመር አይደለም። በመሆኑም አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያለው ቋትም በዚህ ሞዴል መሠረት የተሟላ ሪሌሽናል ቋት ሊሆን ይችላል።

በነገሮች መካከል ያለውን ትስስር በሥዕል የሚያሳየው አቀራረብ የመጣው በፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ እርሳቸው የተጠቀሙበት ቃል «ሪሌሽንሺፕ» ነው። እንግሊዝኛው በአንዲት ቅጥያ የለያቸውን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች አማርኛው በ«ዝምድና» ጨፍልቋቸዋል።

ጉዳቱ በሥራ ላይ ይታያል። ስያሜው ዝምድናን እንዲፈልግ የነገረው ተማሪ ሠንጠረዦችን በመስመር ማገናኘትን ያስቀድማል፤ «እያንዳንዱ ረድፍ ምን ይላል? ከሌላው ረድፍስ በምን ይለያል?» ብሎ አይጠይቅም። የአቅራቢውንም አድራሻ ከእያንዳንዱ የሞዴል 19 ገቢ ጋር ደጋግሞ ይመዘግባል። አድራሻው ሲለወጥ ሦስቱ ቦታ ታርሞ አራተኛው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቋቱ ስለ አንድ ሰው ሁለት ቃል ይሰጣል።

ስለዚህ «ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ ቢተካ የተሻለ ነው እላለሁ። «ሠንጠረዥ» ከፋርስና ከዐረብ የመጣ የጨዋታ ስም ሲሆን፣ ከገበታው አራት ማዕዘኖች ተነሥቶ በረድፍና በዐምድ ለተከፈለ ማናቸውም ጽሑፍ መጠሪያ ሆኗል። መቃወሚያው ግልጽ ነው፤ በጨዋታው የጠጠሩ ስፍራ ወሳኝ ሲሆን፣ በኮድ ሪሌሽን ግን የረድፎች ቅደም ተከተል ቁም ነገር የለውም፤ አንድ ረድፍም ሁለት ጊዜ አይገኝም። ተቃውሞው እውነት ነው። ነገር ግን የጠበበ ስያሜ በአንድ የማብራሪያ ዐረፍተ ነገር ይቃናል፤ ወደ ሌላ ነገር የሚያመለክተውን ግን ማብራሪያ አያድነውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «ዋና ቁልፍ» ነው። ቁልፍ በአማርኛ የበር መክፈቻም መዝጊያም ነው፤ የልብስም ቁልፍ አለ። ከእነዚህ አንዱም የመለየትን ሥራ አይሠራም። ሠልጣኙ ቃሉን ሲሰማ የሚታሰበው የይለፍ ቃል ነው። ሕዝቡ ግን ትክክለኛውን ቃል ከያዘው ቈይቷል፤ «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር» ይላልና። ስምና የአባት ስም የአያትም ስም ጭምር በሁለት ሰዎች ላይ ሊገጥም በሚችልበት አገር የመለያን አስፈላጊነት ለማስረዳት ብዙ ማተት አያሻም፤ የፋይዳ ባለ 12 አሐዝ ቁጥርም የተሰጠው ለዚሁ ነው።

በቀጥታ የተገለበጠው «የውጭ ቁልፍ» ከዚህም ይብሳል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ያስመስለዋልና። የግምጃ ቤት ሠራተኛ በቢን ካርዱ ላይ የሞዴል 19ን ቁጥር ሲያሰፍር ሌላውን ሰነድ እየጠቀሰ ነው፤ ስለዚህ «ጠቃሽ መለያ» ቢባል ሥራውን ይናገራል። የመረጃ ቋት አስተዳደር ሥርዓት የሚባለውም፣ እንዲህ ያለ ደንብ ከተሰጠው፣ የሌለ ቁጥር ሲጠቀስ እንደ ጠንቃቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ «አልቀበልም» ይላል።

ሐሳቡን ለማጠቃለል፦

ሀ. ሪሌሽናል ዳታቤዝ፦ ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት፤
ለ. ሪሌሽንሺፕ፦ ዝምድና፤
ሐ. ፕራይመሪ ኪይ፦ ቀዳሚ መለያ፤
መ. ፎሪን ኪይ፦ ጠቃሽ መለያ።

እነዚህ የመጨረሻ ቃል አይደሉም። ነገር ግን የሚተካቸው ሰው ስያሜውን ከመምረጡ በፊት ብያኔውን በአማርኛ ጽፎ ቢያስቀድም፣ በአቃቂው የሥልጠና ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ በቋንቋው በመማሩ ምክንያት የሚጐድልበት ዕውቀት አይኖርም።