መንስኤና ሰበብ፦ የገዳሪፍን መሬት ማን አራቆተው?

ዓረብኛና አማርኛ በአንድ ገበያ በሚነገሩበት በገዳሪፍ አንድ ቃል ሁለት ፍርድ ይሰጣል። ዓረብኛ ተናጋሪ «ሰበብ» ሲል አንድን ነገር ያስከተለውን መነሻ ማለቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ያንኑ ቃል ሲሰማ ማመካኛ፣ የእውነተኛው ምክንያት መሸፈኛ ይመስለዋል። በአማርኛ መንስኤ ሌላ፣ ሰበብ ሌላ ነው። ይህ ልዩነት የአስተርጓሚ ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ዳሩ ግን የማኅበራዊ ጥናት ሁሉ ፈተና ከዚሁ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲታዩ አንደኛው ሌላውን እንዳስከተለ በምን ይታወቃል?

ጥያቄውን በዚሁ በገዳሪፍ መሬት ላይ ካነሡት ሥራዎች አንዱ የኤርትራዊው ምሁር የጋይም ክብረአብ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝኛ የታተመው ይህ ሥራ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአፍሪካ ቀንድ ጠርዝ ላይ ያሉ ሰዎች» እንደ ማለት ሲሆን፣ በገዳሪፍ አካባቢ መፈናቀል፣ የመሬት አጠቃቀምና የተፈጥሮ ሀብት ያላቸውን ዝምድና ይመረምራል። መጽሐፉ የሚሞግተው ብዙዎች ሳይመረምሩ የተቀበሉትን አንድ አስተሳሰብ ነው። ስደተኞች መጡ፤ ደኑ ተመነጠረ፤ አፈሩ ደከመ፤ ስለዚህ መሬቱን ያራቆቱት ስደተኞች ናቸው ይባላል። አነጋገሩ ቀላል በመሆኑ አሳማኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዶሮ ጮኾ ነጋ ማለት ዶሮው አነጋው ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ዘመኑን መመርመር ያስፈልጋል። ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች በብዛት ወደ ምሥራቅ ሱዳን መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ የቃላ ኤን ናሃል ሰፈራ የተመሠረተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ እርሻ ግን ከዚያ ይቀድማል። የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር ማሽላ ለማቅረብ ሲል በጋዳምባሊያ የጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ1968 ደግሞ የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ፈዳን የሚሰፉ እርሻዎችም ለባለሀብቶች ተሰጡ። ግራሩ ተመነጠረ፤ የዘላኑ የከብት መንገድ ተዘጋ፤ ዋልካው መሬት ሳያርፍ ዓመት በዓመት ማሽላና ሰሊጥ ተዘራበት። በዚህ ላይ የ1984 እና የ1985 ዓይነት ድርቅ ተጨመረ። እንግዲህ ስደተኛው፣ ትራክተሩና የዝናቡ እጥረት በአንድ ዘመን የተገናኙ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ «አጥፊው ይህ ነው» ማለት ምርመራ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ስውር ነው። ስደተኛው የሰፈረበትን መሬት ከሌላው ጋር አነጻጽሮ የከፋውን በሰፋሪው ማሳበብ ተገቢ የሚሆነው ሁለቱ መሬቶች መጀመሪያ እኩል ከነበሩ ነው። ነገር ግን ለስደተኛ የሚሰጠው መሬት ሌላው ሰው ያልፈለገው ነው። ቃላ ኤን ናሃል ውኃ ያጠረው ቦታ በመሆኑ ለሰፈራው ውኃ ከረሃድ ወንዝ መሳብ ግድ ሆኗል። የደካማውን መሬት ድካም በሰፋሪው ማሳበብ፣ ሐኪም ቤት የሚገኙት ሰዎች በሙሉ ታማሚዎች ስለሆኑ በሽታን የሚያመጣው ሐኪም ቤት ነው እንደ ማለት ይቆጠራል።

የጋይም ክብረአብ ዋና ሐሳብ የሚጠነክረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሰፋሪው በሥራ ላይ ያለውን መሬት አሳርፎ ወደ ሌላ እንዳይዛወር፣ ከብቱንም እንደ ልቡ እንዳያሰማራ ታግዷል፤ በመሬቱም ላይ አስተማማኝ መብት የለውም። ስለዚህ ያችኑ ማሳ ደጋግሞ ያርሳል፤ አፈሩ ይደክማል፤ አቀንጭራ ይወርረዋል። ጉዳቱን ያደረሰው እጅ የሰፋሪው ነው፤ እጁን ያሰረው ግን ሕጉ ነው። አድራጊና መንስኤ አንድ እንዳልሆኑ ማሳየቱ የመጽሐፉ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

ያም ሆኖ መጽሐፉ በራሱ መመዘኛ ሊመዘን ይገባዋል። ስደተኛውን ነጻ ለማውጣት የተጠየቀው ማስረጃ ትራክተሩንና ሕጉን ለመክሰስም ሊጠየቅ ይገባል። ሰፋሪዎችና ነባር ነዋሪዎች ስለ ቀድሞው ደንና ምርት የሚሰጡት ቃል ዋጋ አለው፤ ግን ያለፈ ዘመን ሁልጊዜ ለምለም ሆኖ ይታወሳል፤ ተጠያቂውም በመልሱ የሚጠቀም ወገን ነው። ቃሉን የሚያጸና ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ስደተኛ ባልደረሰባቸው የሜካናይዝድ እርሻዎችም ምርት መውደቁና ዛፍ መጥፋቱ ከእነዚህ ምስክሮች አንዱ ነው። ሙግቱ በዚህ ንጽጽር ላይ ይበልጥ ቢደገፍ ይበልጥ በጸና ነበር።

የመንስኤ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ ፍርድ እንደሚያስከትል ለአማርኛ አንባቢ የወሎ ረሃብ ያስታውሰዋል። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ በ1973 በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ ጠቅሰው፣ ሕዝቡን የፈጀው የአገሪቱ እህል ማነስ ሳይሆን የገበሬው የመግዛት አቅም መውደቅ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ይህም ትንታኔ በበኩሉ ተቺዎች አላጡትም። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው። መንስኤው ድርቅ ብቻ ከሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የአስተዳደር ጉድለት ካለበት ግን የሚጠየቅ አለ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረዋል፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፍረዋል። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ሱዳናውያኑን ራሳቸውን አፈናቅሎ ወደዚሁ አካባቢ አምጥቷቸዋል። በመጠለያ ያለች እናት እንጨት ቆርጣ ማብሰሏ አይካድም፤ የተቆረጠው ዛፍም ለመንደሩ ነዋሪ እውነተኛ ጉዳት ነው። ሆኖም ሌላ ማገዶ ለምን እንዳላገኘች፣ ከመምጣቷ በፊትስ ደኑ ምን ያህል ቀርቶ እንደ ነበር ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ሁለቱንም ይበድላል። እሷ ያለ በደሏ ትወቀሳለች፤ መንደርተኛውም የማይመልሰውን ደን ከእሷ ላይ ሲፈልግ ይኖራል።

መንስኤን መፈለግ ልፋት፣ መረጃና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለሰበብ ግን ደካማ ሰው ማግኘት ብቻ ይበቃል። መጽሐፉ ከታተመ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፣ በገዳሪፍ ለሚኖር አንባቢ ይህን ልዩነት በገዛ መሬቱ ላይ ያሳየዋልና ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው።