የግራፍ ዓይነትና የግራፍ ሰዋስው፤ በመረጃ ሰሌዳዎች ኮድ ላይ የቀረበ ሂስ

የትምህርት አኃዝ ከተባዛ ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር መስኮት ሲሸጋገር ከመልኩ ሌላ የተለወጠ ነገር አለ። ቀደም ሲል ሠንጠረዡን ወደ ግራፍ የሚለውጠው የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበር፤ አኃዝ የጎደለበትን ቦታ ሲያይ ይጠይቃል፣ መልስ ካላገኘም ከግራፉ ሥር ማስታወሻ ይጽፋል። ዛሬ ዳሽቦርድ በሚባለው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮድ ነው። ኮዱም ከሠሪው የሚፈልገው በቅድሚያ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የግራፉን ዓይነት። ባር፣ መስመር ወይም ክብ ይባልና ቀሪው በራሱ ይሟላል። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ግን ማንም ሳይወያይባቸው የተወሰኑ ብዙ ውሳኔዎች ተጠቅልለው ይገኛሉ። የዚህ ሂስ ጉዳይ እነዚህ ውሳኔዎች ናቸው። (ከወራት ስም ጋር ካልተያዙ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሥራ ላይ ካሉት መሣሪያዎች ሁለቱን መመልከት ይበቃል። ቻርት ጄኤስ የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የግራፍ ኮድ እስከ ሁለተኛው እትሙ ድረስ ቋሚውን ባር በአንድ ስም፣ አግድሙን ባር ደግሞ «ሆሪዞንታል ባር» በሚል ሌላ ስም ይመዘግብ ነበር። ሁለቱ ዘንጋቸው ከመለዋወጡ በቀር አንድ ሆነው ሳሉ እንደ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ተቆጠሩ። በ2021 በወጣው ሦስተኛ እትም ሁለተኛው ስም ተሠረዘና አቅጣጫው የባሩ አንድ ጠባይ ሆነ። እርምቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በአሮጌው ስም ተመዝግበው የነበሩ ግራፎች በአዲሱ እትም ላይ እንዲሠሩ አንድ በአንድ መታረም ነበረባቸው። ሁለተኛው ምሳሌ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው፣ በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ 2 ነው። በዚህ ሥርዓት የግራፍ ዓይነት ማለት ከተዘጋ ዝርዝር ውስጥ የሚመረጥ ስም ነው። ኮለም አለ፣ ስታክድ ኮለም አለ፤ ባር አለ፣ ስታክድ ባር አለ፤ ኤሪያ አለ፣ ስታክድ ኤሪያ አለ። መደራረብ አንድ ጠባይ ሆኖ ሳለ ሦስት ጊዜ አዲስ ስም ወልዷል። ዓመትን ከዓመት ማነጻጸርም እንዲሁ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለኮለም ሁለት ስም አግኝቷል። ነገ ሌላ ጠባይ ቢጨመር ዝርዝሩ እንደገና ይባዛል።

ይህ የፕሮግራም ሠሪዎች የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ወደ ግራፍ ታሪክ መለስ ማለት ይጠቅማል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ ውስጥ ግራፎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በጊዜ ላይ የተዘረጉ መስመሮች ነበሩ። ለስኮትላንድ ግን የተከታታይ ዓመታት አኃዝ አላገኘም፤ በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት የገቢና የወጪ ንግድ ብቻ ነበር። ስለዚህ መስመሩን ትቶ ለያንዳንዱ አገር ባር ሠራ። ዛሬ ከየመማሪያ መጽሐፉ የማይጠፋው ባር ግራፍ በዚህ መልክ የተወለደው መረጃ በመጉደሉ ነው ማለት ነው። ፕሌይፌር መጉደሉን አምኖ ቅርጹን ለወጠ፤ የዛሬው ኮድ ቅርጹን አስቀድሞ አስመርጦ መጉደሉን በቅርጹ ይሸፍናል።

የሽፋኑን ጉዳት ለማየት ደወሌን የመሰለ ቦታ ይመረጣል። ደወሌ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለች የባቡር ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ በአብዛኛው አርብቶ አደር ነው። ዝናቡ ዲራና ከረን በሚባሉት ሁለት ወቅቶች ሲጥል ወይም ሲቀር ግመሉና ፍየሉ ይንቀሳቀሳል፤ ከመንጋው ጋር ቤተሰቡ፣ ከቤተሰቡም ጋር ተማሪው ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ያለ አንድ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ በየወሩ የተገኙትን ተማሪዎች ቁጥር ያስተላልፋል እንበል። መስከረም 84፣ ጥቅምት 80፣ ኅዳር 61፤ የታኅሣሥና የጥር ሪፖርት አልደረሰም፤ የካቲት 40፤ መጋቢት 0። ዜሮው እውነተኛ አኃዝ ነው፤ ቤተሰቦቹ ወደ ሌላ ግጦሽ ስለ ሄዱ ጣቢያው ባዶ ሆኗል። የታኅሣሥና የጥር ግን ዜሮ አይደሉም፤ ያልታወቁ ናቸው።

ይህን አንድ ረድፍ አኃዝ ለኮዱ ሰጥቶ ዓይነቱን ብቻ መለዋወጥ በቂ ፈተና ነው። ባር ከተባለ ታኅሣሥ፣ ጥርና መጋቢት ሦስቱም አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ሆነው ይታያሉ፤ ያልታወቀውና ዜሮው አይለዩም። መስመር ከተባለ መልኩ የሚወሰነው በአንዲት ማስተካከያ ነው። ቻርት ጄኤስ ካልታዘዘ በቀር መስመሩን በጎደለው ቦታ ይቆርጠዋል፤ ክፍተቱን እንዲያገናኝ ከታዘዘ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ቀስ ብሎ የሚወርድ ለስላሳ መስመር ይስላል፤ ተመልካቹም የታኅሣሥና የጥር ቁጥር ተለክቶ የተገኘ ይመስለዋል። የተደራረበ ኤሪያ ከተባለና ኮዱ የጎደለውን እንደ ዜሮ ከደመረው ደግሞ ጉድለቱ ወደ ወረዳው ጠቅላላ ድምር ይሻገራል፤ ሪፖርት ባልደረሰበት ወር ወረዳው በሙሉ ተማሪ የቀነሰ ይመስላል። አኃዙ አንድ ነው፤ ታሪኩ ሦስት ነው።

ከታሪኮቹ አንዱን አምኖ የሚፈርም ኃላፊ አለ። በኤልኒኖ ምክንያት በ2015 እና በ2016 ሲቲ ዞንን ክፉኛ የጎዳውን ዓይነት ድርቅ ሲመጣ፣ የምገባ እህልና የውኃ ቦቴ በቅድሚያ ወዴት ይላክ የሚለው ጥያቄ በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ባሩን ያየ ሰው ጣቢያው ለሦስት ወር ተዘግቶ ነበር ብሎ ከዝርዝሩ ሊያወጣው ይችላል። የተገናኘውን መስመር ያየ ደግሞ ቅነሳው አዝጋሚ ነው፣ አያስቸኩልም ይላል። ማንኛቸውም «ሪፖርቱ ለምን ቀረ?» ብለው እንዲጠይቁ ግራፉ አላነሣሣቸውም። ሪፖርት የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ በጸናበት ወር ነው።

የዓይነት ዝርዝሩ ሌሎችም የተደበቁ ውሳኔዎች አሉት። ክብ ግራፍ ምንጊዜም የሚሰጡትን ሁሉ መቶ በመቶ ያደርጋል። የተመዘገቡ ወንዶችና ሴቶች በክብ ሲቀርቡ ሙሉው የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ከቶ ያልተመዘገበው ልጅ ከክቡ ውጭ ነው፣ ክቡም ውጭ የለውም። ክሌቭላንድና ማክጊል በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአንድ ዘንግ ላይ ያለን ቦታ ከማዕዘን ይልቅ በትክክል እንደሚያነቡ አሳይተዋል፤ የክብ ግራፍ ዋና ጉድለት ግን ለትምህርት ዘርፍ ከማዕዘኑ ይልቅ ይኸው ድንበሩ ነው። እስከ 100 ብቻ የተሠራ የሰዓት ቅርጽ መለኪያም ጥቅል የተሳትፎ ምጣኔን ለማሳየት አይበቃም። ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች ዘግይተው በሚገቡበት አካባቢ ምጣኔው ከ100 በላይ ሊወጣ እንደሚችል የዘርፉ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ኮዱ ግን አያውቅም፤ መርፌውን ጫፍ ላይ አቁሞ ዝም ይላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር አለ። ወራት በአግድም ዘንግ ላይ እንደ ስም ብቻ ከተደረደሩ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን ከነሐሴ እኩል ስፋት ታገኛለች፤ እንደ ጊዜ ከተለኩ ግን ቀጭን ሆና ትታያለች። ሁለቱም «ባር» ናቸው። ልዩነቱ ዘንጉ ምንን ይወክላል በሚለው ላይ እንጂ በዓይነቱ ስም ላይ አይገኝም።

ለዚህ ሁሉ መልስ ይሆናል የተባለው ሐሳብ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ዣክ በርታን በ1967 ግራፍን በቦታ፣ በመጠን፣ በቀለም፣ በአቅጣጫና በመሳሰሉት ተለዋዋጮች ከፋፍሎ መረመረ። አሜሪካዊው ሌላንድ ዊልኪንሰን ደግሞ በ1999 «የግራፍ ሰዋስው» በሚል መጽሐፉ የዓይነት ዝርዝርን አስተሳሰብ ከሥሩ ነቀለ። እንደ ዊልኪንሰን አባባል ክብ ግራፍ ራሱን የቻለ ዓይነት አይደለም፤ የተደራረበ ባር በዋልታዊ መጋጠሚያ ላይ ሲሣል ክብ ይሆናል። ሐድሊ ዊክሃም ይህን ሐሳብ ጂጂፕሎት 2 በተባለው መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለው። ቪጋ ላይትም ግራፍን ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ የትኛው የመረጃ ዓምድ ወደ የትኛው ዘንግ፣ ቀለም ወይም መጠን እንደሚሄድ በአጭር ጽሑፍ እንዲመዘገብ አደረገ።

ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም አድናቂዎቹ በሚሉት መጠን ሁሉን አይፈታም። ሰዋስው የቃላቱን አገባብ ያስተካክላል እንጂ ውሸትን አይከለክልም። ያልታወቀውን ከዜሮ የሚቀላቅል ግራፍ በዊልኪንሰን ሕግ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህም ሌላ በጅጅጋ ወይም በሽንሌ ሰሌዳውን የሚከፍት ባለሙያ ስለ ዋልታዊ መጋጠሚያ ሊጠየቅ አይገባውም። በትምህርት ቤት የተማረው ባር፣ መስመርና ክብ የሚሉትን ስሞች ነው፤ ከባልደረባው ጋር የሚግባባውም በነርሱ ነው። ዊልኪንሰን ስሞቹን እንደ ልማዳዊ ስንፍና ማየቱ ከሊቅ የሚጠበቅ ቢሆንም ከሥራ ልምድ ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ስሞቹ ለመራጩ ይቆዩ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስም ብቻውን አይጻፍ። ተጠቃሚው «ባር» ሲል ኮዱ ቃሉን ዘርግቶ ምልክቱን፣ አቅጣጫውን፣ መደራረቡን፣ የየዘንጉን ምንነት፣ የምጣኔውን ተካፋይና ከሁሉ በላይ የጎደለውን አኃዝ አያያዝ ለየብቻ ያስፍር። የመጨረሻው ነባሪ ምርጫ ሊኖረው አይገባም፤ ሳይሞላ ግራፉ አይሣል። ይህ ቢደረግ በደወሌው ምሳሌ ታኅሣሥና ጥር በሰያፍ ጭረት ወይም በሌላ ምልክት «አልደረሰም» ተብለው ይታያሉ፤ ዓይነቱ ከባር ወደ መስመር ቢለወጥም ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ስሙም መለያ ብቻ ስለሚሆን ከመዝገቡ ምንም ሳይነካ በአማርኛም በሶማልኛም ሊጻፍ ይችላል። ለፕሮግራም ሠሪው ሥራው በመጀመሪያ ይበዛበታል፤ ከ2021ዱ ዓይነት ለውጥ በኋላ ግን እርምቱ ከአንድ ቦታ አያልፍም።

የአወካከሉ ጽናት የሚፈተነው በዝርዝር ውስጥ በሌለ ግራፍ ነው። እንዲህ ያለው ግራፍ ለደወሌ ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዊው ማሬ በ1878 ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀው የባቡር ጉዞ ግራፍ ጊዜን በአግድም፣ ጣቢያዎችን እንደ ርቀታቸው በቋሚ ያስቀምጣል፤ ባቡሩ ሲጓዝ መስመሩ ያዘነብላል፣ ሲቆም አግድም ይሆናል፣ ሁለት መስመሮች የተቋረጡበት ባቡሮች የተገናኙበት ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ መስመር በነጠላ ሐዲድ የሚሠራ ስለነበረ መገናኛው ጣቢያ ላይ እንጂ በመካከል ሊሆን አይችልም ነበር፤ በድንበር ጣቢያዋ በደወሌ የሚደረገው ፍተሻም በግራፉ ላይ እንደ ረዘመ አግድም መስመር ይነበባል። በዓይነት ዝርዝር ለሚሠራ ኮድ ይህ ግራፍ የለም፤ ወይም አዲስ ስም ይፈለግለታል። ተግባርን ከዘንግ ጋር ለይቶ ለሚመዘግብ ኮድ ግን ተራ መስመር ነው። ከቤተሰቡ ጋር የሚንቀሳቀስ ትምህርት ቤትም በዚሁ መንገድ ሊሣል ይችላል። ከአንድ የውኃ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄድ መስመሩ ያዘነብላል፤ ተቀምጦ ሲያስተምር አግድም ይሆናል፤ ሪፖርት ባልደረሰበት ወር ደግሞ ይቆረጣል። ያኔ የመጋቢቱ ዜሮ የሚነበበው የልጆቹ መስመር ወዴት እንዳመራ ከሚያሳየው ግራፍ ጋር ጎን ለጎን ይሆናል።