እጅ መዳበስ

እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች ከሚሠሩት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የታማሚን እጅ መዳበስ ነው። ከደባርቅ ብርድ የወረዱ እናት «ቁርጥማት ነው» ይላሉ። ቁርጥማት ግን የብዙ በሽታ የጋራ ስም ነው።

«እማማ፣ ጠዋት ጣትዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል? ሊጥ ያቦካሉ? ጀበና ያነሳሉ?»

ጥቂት ደቂቃ ከሆነ ዕድሜ ያመጣው የመገጣጠሚያ መበላት፣ ሰዓት ካለፈ ደግሞ የሰውነት መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያው ላይ መነሣቱ ይጠረጠራል። ከዚያ መዳበስ ነው፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት 28 መገጣጠሚያ፣ ያበጠው ለብቻ፣ የሚያመው ለብቻ ይቆጠራል። የተበላው እንደ አጥንት ይጠጥራል፤ የተቆጣው እንደ ሊጥ ረገብ ይላል። ይህን ልዩነት ጣት የሚማረው ብዙ እጅ ዳብሶ ነው።

ውሃ የቋጠረ ጉልበት በመርፌ ይቀዳል። ሪህ ከሆነ በማይክሮስኮፕ ሥር መርፌ የመሰሉ ቅንጣቶች ይታያሉ።

ልጅ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት በኋላ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዞር ሕመም ካለ ሐኪሙ ቶሎ ልቡን ያዳምጣል፤ የሩማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቭ ያበላሻልና። እንዳይመለስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል። ልጅዎ ይህ መርፌ ከታዘዘለት ቀኑን አያሳልፉበት።