የፎርክ ዘይት በሲሪንጅ ሲለካ

የሞተር ሳይክል የፊት ፎርክ የመንገዱን ምት የሚያለዝበው በሞላና በዘይት ብቻ አይደለም፤ ከዘይቱ በላይ የታፈነው አየርም እንደ ሁለተኛ ሞላ ያገለግላል። ዘይቱ ከፍ ሲል የአየሩ ቦታ ይጠባል፤ ፎርኩም ወደ መጨረሻው ሲታመቅ ይጠነክራል። ስለዚህ የዘይቱ ልክ ከፎርኩ አፍ ጠርዝ እስከ ዘይቱ ገጽ ባለው ርቀት፣ በሚሊሜትር ይሰጣል።

ቤት ውስጥ የሚሰናዳው መለኪያ ቀላልነቱ ያስደንቃል፦ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ቀጭን የግሉኮስ ቱቦ፣ ማስመሪያና ቁራጭ ፕላስተር። በአምራቹ መመሪያ የሰፈረው ርቀት፣ ለምሳሌ 120 ሚሊሜትር፣ ከቱቦው ጫፍ ተለክቶ ፕላስተር ይለጠፍበታል። በተለመደው ዓይነት ፎርክ ሞላው ይወጣል፤ ዘይቱ ከልኩ ትንሽ አልፎ ይሞላል፤ አረፋው እስኪጠፋ ፎርኩ ደጋግሞ ይሳባል፣ ይገፋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ታምቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፕላስተሩ ከአፉ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ቱቦው ይገባና ሲሪንጁ ይሳባል። ዘይቱ ከቱቦው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሲሪንጁ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ልኩ ያ ነው።

የዘዴው ውበት ግምትን ማስቀረቱ ነው፤ ትርፉ ዘይት ይወጣል፣ የሚገባው ይቀራል። ያው ምልክት ለሌላኛው የፎርኩ እግር ስለሚያገለግልም ሁለቱ እግሮች እኩል ይሠራሉ።