ድርድሩ የት ላይ ቆመ?

ሞደሙ ጮኾ ጮኾ ዝም ሲል ብዙ ሰው ግንኙነቱ ያለቀ ይመስለዋል። የዳያል አፕ ችግር ስፈታ ግን ዋናው ሥራዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ሞደሞች ቢግባቡም ኮምፒውተሮቹ ገና አልተነጋገሩም። እነሱ የሚደራደሩት ፒፒፒ በተባለው ፕሮቶኮል ነው፤ አስቸጋሪው ብልሽትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ ድርድር ውስጥ ነው።

ይህን ሥራ በደንብ ያስተማረኝ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ስልክ ደውሎ የሚረዳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሲስተሙ ግን ምንም አይደብቅም። የፒፒፒ ፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚጠብቅበት መስመር በሦስት ትንንሽ የ«ፒ» ፊደላት ይጀምራል። ኤልሲፒ የሚባለው የመጀመሪያ ድርድር ሲያልቅ አንደኛው ፊደል ትልቅ ይሆናል፤ የይለፍ ቃሉ ሲታመን ሁለተኛው፣ በአይፒ አድራሻ ላይ ስምምነት ሲደረስ ሦስተኛው ይከተላሉ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እርምጃ የሚመዘግብበትን ሎግ ገና ሳልከፍት ነገሩ የት እንደቆመ ከነዚህ ፊደላት አነባለሁ።

ሦስቱም ትንንሽ ሆነው ከቀሩ ሎጉ ውስጥ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ወገን ጥያቄ ሲልክ በዘፈቀደ የመረጠውን መለያ ቁጥር ያያይዛል። የራሴው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ፣ ከወዲያ ያለው ማሽን ፒፒፒ አልጀመረም ማለት ነው፤ የተጠቃሚ ስም እየጠበቀ የላክሁትን ሁሉ መልሶ ያስተጋባል። እዚህ ላይ የፒፒፒን ቅንብር መነካካት ከንቱ ድካም ነው። መታረም ያለበት የመግቢያ ስክሪፕቱ ነው።

የይለፍ ቃሉ ደረጃ ቶሎ ይታያል። ሰርቨሩ ፓፕ ወይም ቻፕ የተባለውን የማረጋገጫ ዘዴ ይጠይቃል፤ ሎጉም የትኛውን እንደጠየቀና ምን እንደመለሰ በግልጽ ይጽፋል።

እኔን የሚያጓጓኝ ሦስቱም ፊደላት ትልቅ ሆነው ኢንተርኔቱ ግን እምቢ ሲል ነው። ፒንግ (ሌላኛው ማሽን መልስ መስጠቱን የሚፈትሸው ትእዛዝ) በቁጥር አድራሻ መልስ እያገኘ ድረ ገጽ በስሙ አልከፈት ካለ መጀመሪያ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን ዲኤንኤስን እጠረጥራለሁ። የዲኤንኤስ አድራሻን በፒፒፒ ድርድር ውስጥ መጠየቅ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ከማይክሮሶፍት በወጣ ሰነድ ነው፤ በ1992ቱ የአይፒ ድርድር ደረጃ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንዲጠይቅ ካልታዘዘ፣ ወይም ሰርቨሩ ካልመለሰ፣ አድራሻውን በእጅ መጻፍ ግድ ነው።

ፒንግ እየሠራ ድረ ገጽ በቁጥር አድራሻውም አልከፈት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የራስጌ መጭመቂያ 40 ባይት የሆነውን የቲሲፒ/አይፒ ራስጌ እስከ 3 ባይት ያሳንሳል፤ በዘገምተኛ ስልክ መስመር ላይ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን የሚነካው ቲሲፒን ብቻ ነው፤ ፒንግ ደግሞ ቲሲፒን አይጠቀምም። ሁለቱ ወገኖች መጭመቂያውን በተለያየ መንገድ ከሠሩት ፒንግ ያለ እንከን ያልፋል፣ ድረ ገጹ ይሰናከላል። ያኔ መጭመቂያውን እኔም እንዳልጠይቅ፣ ሲጠየቅም እንዳልቀበል አድርጌ እዘጋዋለሁ። ከፍጥነቱ ጥቂት ይቀነሳል፤ ገጹ ግን ይከፈታል።

ሞደም መቀየርም፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫንም አይቼ አውቃለሁ፤ መልሱ ሎጉ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ። ይህን ማየት ያሳዝነኛል፤ የሰው ጊዜና ገንዘብ ነውና የሚባክነው።

ፒፒፒ ከስልክ ጥሪው ጋር አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፒፒፒኦኢ በሚል ስም በኤተርኔት ላይ ይሠራል፤ በብዙ የዲኤስኤል ራውተሮች ውስጥ ዛሬም ያው ኤልሲፒ፣ ያው የይለፍ ቃል፣ ያው የአድራሻ ድርድር አለ። መስመራችሁ እምቢ ሲል እባካችሁ ቅንብር ከመነካካታችሁ በፊት ሎጉን ክፈቱ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና አንብቡት።