የቅዳሜ ስምንት

ላስ ቬጋስ ውስጥ ካዚኖ ገብቶ ግድግዳ ላይ ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው። በዚች ከተማ ታክሲ የሚነዱ፣ በልጅነታቸው ጎጃም የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ለ2019 ፋሲካ ፈቃድ የሚጠይቁት ከወራት በፊት ስለሆነ ቀኑን ማወቅ ነበረባቸው። ስልካቸውን አልነኩም፤ የቤንዚን ደረሰኝ ገልብጠው በባሕረ ሐሳብ ሊያሰሉት እስክሪብቶ ተቀበሉኝ።

5500 እና 2019፣ 7519። በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተው ወንበሩን 13 አደረጉ። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት 7። መጥቅዕ 7! ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ይውላል። ጥቅምት 7 ደግሞ ቅዳሜ ነው።

«ስምንት» አሉና ከሥሩ አሰመሩበት።

የዕለት ተውሳክን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ቀጥሎ የሚመጣው 1 ነበር። ቅዳሜ ግን 8 ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ነገሩን በጣታቸው እየቆጠሩ አሳዩኝ። ተውሳክ የትኛውንም ዕለት እሑድ ላይ ያደርሰዋል፤ ረቡዕ በ4 ቀን፣ ዓርብ በ2። በዚያ ላይ አራት ወር ሲጨመር 120 ቀን፣ ማለትም 17 ሳምንት ከአንድ ቀን ነውና ሰኞ ላይ ይጥላል፤ ነነዌ ከሰኞ የማትወጣው ለዚህ ነው። ከነነዌ 14 ቀን ቆይቶ ሁዳዴ ይገባል፤ 55 ቀን ይጾማል። በጠቅላላው 69፣ እሑድ። መጋጠሚያው እንዳይታይ ተደርጎ የተላገ እንጨት ይመስላል።

ስምንቷ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። በዚሁ ሐሳብ የኦሪት ፋሲካ ከመጥቅዕ በ190ኛው ቀን ይውላል፤ ትንሣኤ ደግሞ በ189 ላይ ተውሳኩ ተጨምሮ ይገኛል። ቅዳሜ 1 ቢሰጣት ሁለቱ በአንድ እሑድ ይገጥሙ ነበር። 8 ሲሆን ግን የ2019 የኦሪት ፋሲካ ሚያዝያ 17፣ ትንሣኤ በሳምንቱ ሚያዝያ 24 ይሆናል። መጀመሪያ በጉ ይታረዳል፣ ከዚያ ጌታ ይነሣል። ወንጌል የተረከው ቅደም ተከተል እንዳይፋለስ በአንዲት ቁጥር ተቆልፏል። ሐሳቡን የደረሰው ድሜጥሮስ፣ የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ፣ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ማንም ይሁን ማን፣ የእጁን ንጽሕና አደንቃለሁ። ትንሣኤ መቼ እንደሆነ ያሰላው ሰው ትንሣኤ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ጋሼ ቅጹ ላይ ሜይ 2 ቀን 2027 ብለው ሞሉ። የፈረንጆቹ ፋሲካ በማርች 28 አልፎ አምስት ሳምንት ይሆነዋል፤ አለቃቸው በዓሉ እኮ አለፈ እንዳይሏቸው ከጎኑ «የኦርቶዶክስ» የሚል ጨመሩበት። የቅዳሜንም ማታ ጠየቁ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ቬጋስ ገና ቅዳሜ ከቀኑ 11 ነው። ከአገር ቤት እየደወሉ «እንኳን አደረሰዎ» ይሏቸዋል፣ እሳቸው ግን አክፍሎት ላይ ናቸው፤ ፀሐይዋም አልጠለቀች።